ድምፅ ፍለጋ ሄደን ድምፅ አጥተን መጣን

ዛሬ የምንጨቃጨቀው ስለ ፖለቲካ አይደለም። (ይህን ስንል ካመናችሁን እናንተም የዋሆች ናችሁ።) ዛሬ የምንጨቃጨቀው ስለ ድምፅ ነው። ስለ ኮምፒውተር ድምፅ።

ነገሩ የተጀመረው ቆሰበር ነው። ቆሰበር ስንል ወረቀት ላይ እንጅባራ የምትባለውን፣ ከቡሬ ወደ ዳንግላ ስትጓዙ የአውቶቡሱን መስኮት በጉም የምትሸፍነውን ያቺን ብርዳም ከተማ ማለታችን ነው። ከመካከላችን የአንዱ ቤተሰቦች እዚያ ይኖራሉ። ቤት ውስጥ አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ አለች። ትንሿ እህታችን እንግሊዝኛ ትለማመድባታለች፤ አባታችን ማታ ማታ በፍላሽ የመጣ ድራማ ያዩባታል። ከሁሉም በላይ ግን ‹ዲ› በሚባለው የዲስኩ ክፍል አንድ ፎልደር ነበር። አያታችን በአውንጊ ተረት ሲያወሩ፣ የሠርግ ዘፈን ሲያንጎራጉሩ፣ ስለ ልጅነታቸው ሲያጫውቱን በሞባይል የቀዳነው 40 ደቂቃ ገደማ ድምፅ። አያታችን ዛሬ የሉም። (የአንዳችን አያት የሁላችንም አያት ናቸውና ‹አያታችን› እያልን እንቀጥላለን።)

በ2016 ዓ.ም. ላፕቶፗ ተንቀራፈፈች። ጥገና ቤት ተወሰደች። ፍርዱ አንድ ቃል ነበር፦ ፎርማት። ‹ሲ› ተጠረገ፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጫነ፣ ሂሳብ ተከፈለ። ቤት ስትመጣ እንደ ወጣት ፈረስ ትሮጣለች። ግን ዲዳ ሆናለች! የድምፅ ምልክቷ ላይ ቀይ ኤክስ ተለጥፏል፤ ስትነኩት በእንግሊዝኛ ‹ምንም የድምፅ ማውጫ መሣሪያ አልተገጠመም› ይላል።

አባታችን ላፕቶፗን ታቅፈው ተመለሱ።

«የኔ ልጅ፣ ድምጿ ጠፋብን እኮ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሳውንድ ካርዷ ሳይቃጠል አይቀርም። ለማንኛውም ይተዉልኝ፣ አሁን አጥርቼ ፎርማት ላድርጋትና እናያለን።»

‹አጥርቼ› የምትለዋን ቃል ያዙልን። አጥርቶ ማለት ‹ሲ›ንም ‹ዲ›ንም፣ ከነፓርቲሽኑ ማለት ነው። አባታችን ይህን በምን ይወቁ? ማንስ ጠየቃቸው? ‹እዚህ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ ጋሼ?› ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ላፕቶፗ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰች። አሁንም ዲዳ ናት። የአያታችን ድምፅ ግን የለም።

እንግዲህ ንዴታችን ከዚህ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ‹ተቃጠለ› የተባለውን እንመርምር። ድራይቨር ማለት ስሙ እንደሚለው ሹፌር ነው። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ነዳጅ ሞልቷል፤ ሹፌሩ የለም። ወይም የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በጥር 23 ቋንቋ እናስረዳ፦ ፈረሱ አለ፣ ልጓሙ የለም። ልጓም የሌለው ፈረስ አይታዘዝም ብሎ ‹ይህ ፈረስ ሞቷል› የሚል ሰው ቆሰበር ውስጥ ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ?

ነገሩ ታሪክ አለው። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ኢንቴል ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ የተባለውን የድምፅ ደረጃ ያወጣው በ2004 ነው። የ2001 ሲዲ የ2004ን ቺፕ ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ በዚያ ዘመን ኤክስፒ የጫነ ሁሉ ድምፅ ፍለጋ መዞሩ ያለ ነበር። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣው ሲዲ ጥቅሙ ይኸው ነበር። (የት ጣላችሁት? እኛም ጥለነዋል።) በ2007 ለሕዝብ ከተለቀቀው ቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ ለዚህ ደረጃ የሚሆን የራሱን የወል ድራይቨር ይዞ ስለሚመጣ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ማንም ሳይነካቸው ድምፅ ያወጣሉ። ችግሩ አለቀ ሲባል ግን ኢንቴል ስማርት ሳውንድ የሚባለውን ቴክኖሎጂ የያዙ አዳዲስ ላፕቶፖች መጡ። እነዚህ ላይ የወሉ ድራይቨር ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የራሳቸውን ሹፌር ይሻሉ። የኛዋም ከእነሱ ወገን ነበረች።

ዊንዶውስ 10 እና 11 የጎደለውን ድራይቨር ራሳቸው ከኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ኢንተርኔት ካለ! በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ታውቃላችሁ። ቆሰበር ያለች ላፕቶፕ ሹፌሯን ከሰማይ ታውርድ? ይህ የጥገና ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ አንልም። ነገር ግን ኢንተርኔት እንደሌለ እያወቁ ድራይቨሩን ቀድሞ ሳያስቀምጡ መጥረግ ጥፋት ነው። ውሃ በተቋረጠ ቀን እንስራውን እንደመድፋት ነው።

እሺ፣ ምን መደረግ ነበረበት? ተሳድበን ብቻ አንሄድም፤ ቁጭ ብለን እንማማር።

አንደኛ፣ ቀላል ቀላሉን እዩ። ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ፣ የስፒከሩ ገመድ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ። አትሳቁ! ስንቱ ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ‹ታመመ› ተብሏል።

ሁለተኛ፣ ማይ ኮምፒውተርን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ከማኔጅ ወደ ዲቫይስ ማኔጀር ግቡ። ቢጫ ምልክት የተለጠፈበት ‹መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር› የሚል ካያችሁ እልል በሉ። ለምን? ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ‹የድምፅ ዕቃ አለኝ፣ ሹፌር ነው ያጣሁት› እያላችሁ ነው። ጨርሶ የተቃጠለ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ስሙንም አይናገርም። ምንም ካልታየ ደግሞ ከመፍረድ በፊት ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ያንን ቢጫ ነገር በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ሃርድዌር አይዲ በሉ። ‹ቬን› ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሠሪው መታወቂያ ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ፣ 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ። ቀጥሎ ያለው የዕቃው ቁጥር ነው። ይህን በወረቀት ጻፉ። ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ስምም ጨምሩ። በነዚህ ሁለት መስመሮች ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ያለ ማንኛውም ሰው ትክክለኛውን ፋይል ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ይልክላችኋል። ‹ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ› ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን ራቁ፤ ብዙዎቹ ከሹፌሩ ጋር ያልጠራችሁትን ተሳፋሪ ጭነው ይመጣሉ።

አራተኛ፣ ‹ተቃጥሏል› ላላችሁ ሰው ፈተና ስጡት። ኡቡንቱን በፍላሽ አድርጋችሁ፣ ሳትጭኑት፣ ከፍላሹ ላይ አስነሱት። ሊኑክስ የብዙ የድምፅ ቺፖችን ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል። እዚያ ላይ ድምፅ ካወጣ ዕቃው ደህና ነው፤ የተቃጠለው ሌላ ነገር ነው።

አምስተኛ፣ ፎርማት የግድ ከሆነ ከመጥረጋችሁ በፊት ሁለት ነገር ቅዱ። አንዱ የሰውየው ንብረት ነው። (ዴስክቶፕና ማይ ዶክመንትስ እንደ ልማዱ ‹ሲ› ውስጥ እንደሆኑ ስንቱ ያውቃል?) ሁለተኛው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም 32 ሥር ያለው ድራይቨር ስቶር ነው። የድሮዎቹ ሹፌሮች በሙሉ እዚያ ተቀምጠዋል። በጥቂት ደቂቃ ኮፒ ታደርጉታላችሁ፤ ያኔ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጣችሁም።

ይኼው ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ታዲያ ለምን አይደረግም?

ምክንያቱም ፎርማት ማሰብ አይጠይቅም። ችግሩ ቫይረስ ይሁን፣ የሞላ ዲስክ ይሁን፣ የላላ ገመድ ይሁን፣ የጠፋ ድራይቨር ይሁን መድኃኒቱ አንድ ነው። ለራስ ምታትም፣ ለቁርጠትም፣ ለእግር ወለምታም ያንኑ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ብታዩ ከሰፈር አታባርሩትም? የኮምፒውተሩን ግን ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

‹ሠርቶ አዳሪ ወጣቶች ናቸው፤ ምነው ጨከናችሁ?› የምትሉን አላችሁ። ደግ ጠየቃችሁ። እኛም እኮ ይክበሩ ነው የምንለው። ሙያቸው ‹ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ› ማለት ብቻ ከሆነ ነገ ማንም ሕፃን ሥራቸውን ይቀማቸዋል። ‹ምን ሆኖ ነው?› ብሎ መርምሮ መንገር ግን ሙያ ነው፤ ለእሱ ከፎርማቱ እጥፍ ብንከፍል አይቆጨንም። ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አይደለም። እኛ ደንበኞች ገብተን የምንጠይቀው ‹ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?› ብቻ ነው። ‹ምን ሆኖ ነው?› ብለን የጠየቅንበትን ቀን እስቲ አስታውሱን። ለፍጥነት የከፈለ ሰው ፍጥነትን ያገኛል።

ደግሞ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስቧት። ‹ምንም የድምፅ ማውጫ መሣሪያ አልተገጠመም።› ውሸት ናት እኮ! መሣሪያውማ ተገጥሟል። እንግሊዝኛውን ያነበበ ባለሙያ በቃሏ አምኖ ‹ዕቃው የለም› አለ። ያላነበቡት አባታችን ደግሞ ባለሙያውን አመኑ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍት በቪስታ ጊዜ ኒያላ የተባለ የአማርኛ ፎንት አብሮ ልኮልናል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? በአማርኛ ስንሰዳደብበት፣ ስንፋቀርበት፣ ስንፎክርበት ኖርን። ‹ድራይቨር ሲጠፋ እንዲህ ይደረጋል› የሚል አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ የጥገና ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ግን አላየንም። በአውንጊማ አይወራ! ልጆች አንደኛ ደረጃን በቋንቋው የሚማሩበት ዞን፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ… አንድ ገጽ!

(ከላይ ስለ ፖለቲካ አይደለም ብለን ነበር። አንዲት አንቀጽ ብቻ ፍቀዱልን።) ይህ ፎርማት የሚሉት በሽታ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሰላችሁ? አዲስ ኃላፊ ሲመጣ የቀድሞው ፋይል ይጠረጋል፤ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፤ የሚያውቁት ሰዎች ይነሳሉ። ቢሮው ይፈጥናል፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ዲዳ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ሹፌሮች አብረው ተጠርገዋላ! ‹ምን ሆኖ ነው?› ተብሎ ሳይጠየቅ ከዜሮ የተጀመረ ነገር ሁሉ የጎደለውን ሹፌር ሲፈልግ ይኖራል። በቃ፣ አንቀጿ አለቀች።

ወደ ላፕቶፗ እንመለስ። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲሄድ ፍላሽ ላክን። ውስጡ ሁለት ፋይል ብቻ ነበር። ትንሿ እህታችን በስልክ እየነገርናት ጫነች፤ ላፕቶፗ ጠፍታ ስትነሳ ቀዩ ኤክስ የለም። ሳውንድ ካርዱ አልተቃጠለም ነበር። አንድም ቀን አልተቃጠለም ነበር።

የአያታችንን ፎልደር ፍለጋም ሞከርን። ከፎርማት በኋላ ምንም ሳይጻፍበት የቆየ የድሮ ዲስክ ቢሆን የተጠረገውን መልሶ የማውጣት ዕድል አለ። የኛዋ ግን ኤስኤስዲ ነበረች። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባለው አሠራር የተጠረገውን ቦታ ከሥሩ ስለሚያጸዳው ተስፋው እጅግ ጠባብ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኗል። አላገኘነውም። አንድም ቅጂ ሌላ ቦታ አላስቀመጥንም ነበርና ይህኛው ጥፋት የጥገና ቤቱ ሳይሆን የራሳችን ነው። እንውሰደው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ትንሽ ነው። እናንተ ባለሙያዎች፣ ከመጥረጋችሁ በፊት ‹የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ?› በሉ፤ ድራይቨሩን ቅዱ፤ ምን እንደሆነና ምን እንዳደረጋችሁ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡን። እናንተ ደንበኞች፣ ‹ስንት ነው?› ከማለታችሁ በፊት ‹ምን ሆኖ ነው?› በሉ። እናንተ የአይሲቲ ተማሪዎች፣ ያቺን አንድ ገጽ ጻፉልን፤ አታሚው ወጪ በእኛ።

እና ሁላችሁም ዛሬ ማታ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ የአያቶቻችሁን ድምፅ ሌላ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ኮፒ አድርጉ። የኛ ላፕቶፕ አሁን ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል። አባታችን ድራማቸውን ያያሉ። ግን አንዳንድ ማታ ‹ዲ›ን ይከፍቱና ባዶውን ያዩታል።