ስታዲየሙ በወልዲያ፣ ተጫዋቹ በውርጌሳ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ውጫሌን ያለፈ መንገደኛ ውርጌሳን ያገኛል፤ ቀጥሎም መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልዲያ ይገባል። በዚህ መስመር ባሉ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ሁለት ድንጋይ አቁመው ግብ ያደረጉ፣ አቧራ ላይ ኳስ የሚያሳድዱ ታዳጊዎችን ማየት የተለመደ ነው። በመንገዱ ጫፍ፣ ወልዲያ ላይ ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ቆሟል። ከውርጌሳ እስከዚያ ስታዲየም በመኪና የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው። አንድ የውርጌሳ ታዳጊ በኳስ ችሎታው ብቻ እዚያ ለመድረስ የሚጓዝበት መንገድ ግን እስካሁን በቅጡ አልተጠረገም።

በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው የወልዲያ ስታዲየምና የስፖርት ማዕከል በጥር 2009 ዓ.ም ሲመረቅ በሰሜን ወሎ ትልቅ ተስፋ ፈጥሮ ነበር። የወልዲያ ክለብ በ2007 ዓ.ም የውድድር ዘመን ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት ወርዷል፤ በ2009 ዓ.ም ተመልሶ አዲሱን ሜዳ ከነሙሉ ደጋፊው አገኘ። ደስታው ግን አልዘለቀም። በ2010 ዓ.ም የውድድር ዘመን መጨረሻ ወልዲያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ከሊጉ ወረደ።

ያ ዓመት በወልዲያ የሚታወሰው በውጤት ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊደረግ ከታቀደው ጨዋታ ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ኳስ ሊያቀራርበው የሚገባ ሕዝብ በኳስ ሰበብ ተቃቃረ። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ አካባቢው ወደ ጦርነት ገባ፤ ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በጦርነት እጅ ቆየች፣ የሐብሩ ወረዳ ከተሞችም ተመሳሳይ መከራ አሳለፉ። ከዚያ ወዲህም በክልሉ የቀጠለው የፀጥታ ችግር ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ቡድን ይዞ መንቀሳቀስን አስቸጋሪ አድርጎታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። አንድ ትንሽ አካባቢ ወደ ትልቅ መድረክ ወጥቶ በዚያው እንዲጸና ምን ያስፈልገዋል? ሜዳ ብቻውን እንደማይበቃ ወልዲያ አሳይታለች። የቀረው ምን እንደሆነ ለመረዳት ከሩቅ አገር የተገኘ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ይጠቅማል።

በአየርላንድ ከእግር ኳስ ጋር የሚዛመድ፣ ኳሱን በእጅም በእግርም መጫወት የሚፈቀድበት፣ በአንድ ወገን 15 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጌይሊክ እግር ኳስ የሚባል ባህላዊ ጨዋታ አለ። ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር እ.ኤ.አ በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ ተመሠረተ። ይኸው ማኅበር ከወሎና ከሌሎች የደጋ አካባቢዎች የገና ጨዋታ ጋር የሚመሳሰለውን፣ በዱላና በኳስ የሚካሄደውን የአየርላንዶች ጨዋታም ያስተዳድራል። ውድድሩ ከአጥቢያ ይጀምራል፣ ወደ አውራጃ ያድጋል፣ በየጸደዩ ደግሞ አውራጃዎች በአራቱ ክፍለ ሀገራት ዋንጫ ይፋለማሉ። ከዚያ በኋላ የአገር አቀፉ ሻምፒዮና ይቀጥላል።

ሉዝ በአየርላንድ ካሉት አውራጃዎች በቆዳ ስፋት ትንሿ ናት። በሌንስተር ክፍለ ሀገር ዋንጫ ያነሣችው እ.ኤ.አ በ1957 ነበር፤ ከዚያ በኋላ 68 ዓመት ጠበቀች። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የዋና ከተማዋ የደብሊን ቡድን ከ2011 እስከ 2024 ድረስ ለ14 ተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ለማንም አላስነካም። ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም ግን ከ65 ሺህ በላይ ተመልካች በተገኘበት በክሮክ ፓርክ ስታዲየም ሉዝ ጎረቤቷን ሚዝን 23 ለ 21 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። የሉዝ ከ20 ዓመት በታች ቡድንም በዚያው ዓመት የሌንስተር ሻምፒዮን ሆኗል። ዋናው ቡድን ከፍ ያለው ከሥሩ ያሉት ታዳጊዎች አብረው ባደጉበት ወቅት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የሉዝ ድል ሌላም ትምህርት አለው። በሐምሌ 2002 ዓ.ም ሉዝ በዚያው ፍጻሜ ከሚዝ ጋር ተጫውታ ድል በእጇ በገባበት ደቂቃ፣ ሕግን ያልጠበቀ ግብ በዳኛው ስህተት ጸድቆባት ተሸንፋ ነበር። ተቆጥተው ወደ ሜዳ የገቡ ደጋፊዎች ዳኛውን አጎሳቆሉ፤ ጨዋታውም አልተደገመም። ሉዝ ግን ከውድድሩ አልወጣችም፣ ከጎረቤቷም ጋር አልተቆራረጠችም። በደሉን ይዛ 15 ዓመት ጠበቀች፤ መልሱንም በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ተጋጣሚ ላይ፣ በሕጉ መሠረት ሰጠች። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ሲነገር ለኖረው የወሎ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ2010 ዓ.ም የጎደለው ሐሳቡ ሳይሆን ቁጣን የሚይዝ፣ ቅሬታን ሰምቶ በጊዜው የሚፈርድ ሥርዓት ነበር።

ታዲያ ሉዝ ከማን ጋር ትነጻጸራለች? የሐብሩ ወረዳ በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ190 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። የሉዝ አውራጃ ሕዝብ በቅርቡ ቆጠራ ወደ 140 ሺህ ገደማ ነው። በሰው ብዛት ከተባለ እንግዲህ ሐብሩ ከሉዝ አታንስም። ልዩነቱ ያለው በአሠራር ላይ ነው።

በአየርላንዱ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ባለቤትነት ነው። ተጫዋቹ የሚሰለፈው ላደገበት አጥቢያ ነው፤ ጎበዝ ከሆነም ለአውራጃው ይመረጣል። ደመወዝ የለውም፤ በሳምንቱ መጨረሻ በሺዎች ፊት የተጫወተው መምህር ወይም ገበሬ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለተኛው መሰላሉ ነው። ከታዳጊ ወደ ወጣት፣ ከወጣት ወደ ዋናው ቡድን የሚወስደው መንገድ በየዓመቱ ክፍት ነው። ሦስተኛው የጊዜ ሰሌዳው ነው። እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ዓመቱ ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው አጋማሽ ለአውራጃ፣ ሁለተኛው ለአጥቢያ ክለቦች ተሰጥቷል። ተጫዋቹም፣ ቤተሰቡም፣ ደጋፊውም ጨዋታው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ አስቀድመው ያውቃሉ።

በእርግጥ ይህን ሁሉ እንዳለ ወደ ሰሜን ወሎ ማምጣት አይቻልም። አየርላንድ ሀብታም አገር ናት፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ተጫዋች በደመወዝ የሚቀጠርበት ነው። ነገር ግን ይኸው ደመወዝ ራሱ ጥያቄ ሆኖ መጥቷል። ብዙዎቹ የአገሪቱ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ለአንድ ዓመት ተቀጥሮ በዓመቱ ለሚለቅ ተጫዋች የሚወጣው ገንዘብ ከግብር ከፋዩ ኪስ ይወጣል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በ2017 ዓ.ም የውድድር ዘመን የክለቦችን የተጫዋች ወጪ የሚገድብ መመሪያ ሥራ ላይ ያዋለውም በዚህ ምክንያት ነው። በጀቱ ውስን የሆነ ከተማ በገበያ ከሌሎች ጋር ተሻምቶ አይዘልቅም። ያለው አማራጭ በገዛ ወረዳዎቹ ያሉትን ልጆች ቀድሞ ማየትና ማሳደግ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መነሻ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ውርጌሳን፣ መርሳን፣ ሲሪንቃን፣ ግራናንና ሌሎች ቀበሌዎችን ጨምሮ ስምንት ቡድኖች ቢመሠረቱ፣ እያንዳንዱ ከሌሎቹ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ሲጋጠም በጠቅላላው 28 ጨዋታ ይሆናል። በየሳምንቱ አራት ጨዋታ ቢደረግ ውድድሩ በሰባት ሳምንት ያልቃል። በአንድ ቡድን 20 ተጫዋች ቢያዝ 160 ወጣቶች ሙሉ የውድድር ዘመን ያሳልፋሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተጠርተው፣ ለዘጠና ደቂቃ ታይተው፣ ወዲያው ከሚመረጡበት ወይም ከሚጣሉበት ምልመላ ይልቅ ሰባት ሳምንት የሚታይ ተጫዋች ችሎታው በትክክል ይመዘናል።

የጊዜው ነገር ግን ከገበሬው ጋር መመከር አለበት። ክረምቱ የእርሻና የአረም ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ የሚታጨድበት፣ ማሽላ የሚቆረጥበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ልጁን ከአዝመራ አስቀርቶ ወደ ሜዳ የሚልክ አባት አይገኝም፤ ቢገኝም ተገቢ አይሆንም። አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለሰባት ሳምንት ውድድር ይመቻል። የበልግ ዝናብ ቀድሞ የገባ እንደሆነ ሰሌዳው ትንሽ መሸጋሸግ ይኖርበታል። የዐቢይ ጾምና የረመዳን ወራትም በዚያው አካባቢ ሲውሉ የጨዋታውን ቀንና ሰዓት ከሁለቱም የእምነት አባቶች ጋር ተነጋግሮ መወሰን ለወሎ ሰው የቆየ ልማድ ነው።

ሴት ልጆችም ከመጀመሪያው መካተት አለባቸው። ውድድሩ ከትምህርት ቤቶች ጋር ከተያያዘ የልጃገረዶች ጨዋታ ከወንዶቹ ቀድሞ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ቀን ሊካሄድ ይችላል፤ ለብቻው የሚጠይቀው ወጪም ጥቂት ነው።

ገንዘብ የማይፈታው ጉዳይ ግን አለ፤ እርሱም ሰላም ነው። ከውርጌሳ መርሳ ተጉዞ ተጫውቶ ከመምሸቱ በፊት ቤቱ የማይመለስ ቡድን ካለ የወረዳ ሊግ የለም። ስለዚህ ውድድሩ መንገዱ በተከፈተበትና የአካባቢው ሽማግሌዎች ኃላፊነት በወሰዱበት ቦታ ሁሉ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀበሌ እንኳ ቢሆን መጀመር ይኖርበታል። የዳኛ ክፍያ፣ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴና የቅጣት ደንብ የመጀመሪያው ኳስ ከመመታቱ በፊት ተጽፈው ቡድኖቹ ሊፈርሙባቸው ይገባል። የ2010 ዓ.ም ኅዳር ሐዘን እንዳይደገም የሚያደርገው ከጨዋታው በኋላ የሚሰጥ መግለጫ ሳይሆን ከጨዋታው በፊት የተደረገ ስምምነት ነው።

የወልዲያ ስታዲየም ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ያ ሜዳ በየዓመቱ አንድ ቀን የሐብሩን፣ የጉባ ላፍቶንና የሌሎቹን ወረዳዎች አሸናፊዎች ቢያገናኝ፣ የውርጌሳ ገበሬ የልጁን ስም በድምፅ ማጉያ ለመስማት ይሄዳል። የወልዲያ ክለብም ለቀጣዩ ዘመን የሚፈልገውን ተጫዋች ከዚያው መድረክ ይመለከታል። ሉዝ 68 ዓመት የጠበቀችው በየዓመቱ እየተጫወተች ነው። ሰሜን ወሎም ዋንጫው መቼ እንደሚመጣ ከመጠየቁ በፊት በመጪው ጥር በውርጌሳ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር የሚናገር ሰሌዳ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል።