ወደ አገር የሚገባው የስልክና የራዲዮ ዕቃ ስለ መመርመሩ

ማርያ ቴሬዛ ብር በገበያችን ይሠራበት በነበረው ዘመን ገበያተኛው ብሩን ሳይመረምር እንደማይቀበል ከሽማግሌዎች የሰማነው ነገር ነው። ብሩን በእጁ ገልብጦ፤ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቈጥሮ፤ ደብዝዘው ወይም ጐድለው ያገኛቸው እንደ ሆነ ለባለቤቱ ይመልስለት ነበር። በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ምን ጊዜም 1780 ነው፤ ነገር ግን ከቪየና ሌላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በሮማ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ተመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሆኖ መልኩ ከተስተካከለ ገበያተኛው የት እንደ ተመታ አይጠይቅም ነበር። ይህን የብር ነገር ያነሣነው ኋላ ስለምንመለስበት ነውና አንባቢያችን በልቡ እንዲያኖረው እንለምናለን።

ዛሬ የእጅ ስልክ ወይም የኢንተርኔት መሣሪያ ወይም ቻርጀር ለመግዛት መርካቶ የሚወጣ ሰው ግን ቈጥሮ የሚያውቀው ነጠብጣብ የለውም። የመሣሪያው ደግነትና ክፋት ያለው በውስጡ ነው፤ ውጭው ያማረ፤ ካርቶኑም የታሸገ ነው። ስለዚህ በገዢው ፈንታ ሆኖ የሚመረምር መንግሥት ነው። በአገራችንም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣ በኋላ ይህ ሥራ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ሲሆን፤ ነጋዴዎቹ በእንግሊዝኛው ስም ታይፕ አፕሩቫል እያሉ የሚጠሩት የዓይነት ማጽደቂያ ምስክር ወረቀት ማለት ይኸው ነው።

ብዙ ሰዎች ይህ ወረቀት ነጋዴን ለማስቸገርና ገንዘብ ለመቀበል ብቻ የተፈለሰፈ ይመስላቸዋል። እንዲህ የሚያስቡትን ሁሉ በቍጣ ልንመልስላቸው አይገባንም፤ ምክንያቱን አስረድቶ መንገር ይሻላል።

አሜሪካ አገር የሚኖር ልጅ ለእናቱ ሽቦ የሌለው የቤት ስልክ ገዝቶ ይልካል እንበል። ስልኩ አዲስ ነው፤ የታወቀ ፋብሪካም የሠራው ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ተመርምሮ ያለፈ ነው። ታዲያ ምን ነውር አለበት? ነውሩ እንዲህ ነው። የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የራዲዮን ሞገድ ሲያከፋፍል ዓለምን በሦስት ክፍል መድቧል፤ አፍሪካና አውሮፓ በአንደኛው ክፍል፤ አሜሪካ በሁለተኛው ክፍል ናቸው። በአሜሪካ እንዲህ ላለው የቤት ስልክ የተሰጠው ሞገድ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርትዝ ያለው ሲሆን፤ በእኛ በኩል ግን ከ1920 እስከ 1980 ያለው የሦስተኛው ትውልድ የእጅ ስልክ ወደ ማማው የሚናገርበት ነው። ማማው ከሩቅ የሚመጣውን የደከመ ድምፅ ለመስማት ጆሮውን የዘረጋ ነውና፤ ያ የቤት ስልክ በአጠገቡ ሲሠራ፤ ሹክሹክታ በሚያዳምጥ ሰው ጆሮ አጠገብ ቀንደ መለከት እንደ መንፋት ይሆናል። እናቲቱ በስጦታዋ ደስ ብሏት ከልጇ ጋር ስትነጋገር የሰፈሩ ሰው ስልክ ይቈራረጣል፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ የለም። በዕድሜ የቈዩትም የአሜሪካ ስልኮች፤ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩት፤ ከ890 እስከ 915 ባለው የእኛ የእጅ ስልክ ሞገድ ውስጥ እየገቡ እንዲሁ ያውካሉ። የሚያውከው መሣሪያ የተበላሸ አይደለም፤ ያለ አገሩ መጥቶ ነው እንጂ።

የኤሌክትሪኩም ነገር እንዲሁ ነው። የእኛ ኃይል 220 ቮልት፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ለ120 ብቻ የተሠራ ዕቃ በእኛ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ምን እንደሚሆን የቀመሰው ያውቀዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን ለ220 ተሠርቻለሁ ብሎ የሚዋሸው ርካሽ ቻርጀር ነው፤ በውስጡ ከፍተኛውን ኃይል ከዝቅተኛው የሚለየው መከለያ የሳሳ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ይሆናልና፤ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ቤት ያቃጥላል።

እንግዲህ ምርመራው እንዲያስፈልግ ይህ ያስረዳል። አመራመሩ ግን እንዴት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካው አንድ ናሙና መርጦ ለመመርመሪያ ቤት ይሰጣል፤ መመርመሪያ ቤቱ ውጤቱን ይጽፋል፤ አስመጪው ያን ጽሑፍ ይዞ ለባለሥልጣኑ ያመለክታል፤ ባለሥልጣኑም ወረቀቱን አይቶ ያጸድቃል። ነገር ግን ለምርመራ የተላከው ናሙና በጥንቃቄ የተሠራ፤ ኋላ በኮንቴይነር የሚመጣው ደግሞ ሌላ የሆነ እንደ ሆነ፤ የጸደቀው ወረቀት ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ዕቃ አንሥቶ እንደ ማንኛውም ገዢ ከፍሎ፤ ከፍቶ የሚያይ መርማሪ ከሌለ፤ ሐቀኛው አስመጪ ለምስክር ወረቀት የሚያወጣው ገንዘብ የቅጣት ያህል ይሆንበታል። በድንበር ሾልኮ የገባው ባልንጀራው ምንም ሳይከፍል በአጠገቡ አርክሶ ይሸጣልና። እኛ እንደሚመስለን ወረቀቱን ከማብዛት ይልቅ ይህን የገበያ ምርመራ ማጽናት ይቀድማል።

ምርመራው የዘገየ እንደ ሆነ የሚከተለውን ጎረቤቶቻችን አይተውታል። ኬንያ በመስከረም 2005 ዓ.ም. ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ አስመስለው የተሠሩ የእጅ ስልኮችን በአንድ ጊዜ ከአገልግሎት አወጣች። ታንዛንያም በሰኔ 9 ቀን 2008 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገች። የታወቁትም እያንዳንዱ ስልክ በሚይዘው ባለ 15 አኃዝ መለያ ቍጥር ነው። ሁለቱ መንግሥታት ያደረጉት ትክክል ነበር እንላለን፤ ነገር ግን ያን ቀን ስልኩ የሞተበት ሰው ማን ነበር? አስመጪው ገንዘቡን ቀድሞ ተቀብሏል። ስልኩ የጠፋበት ከዕለት ጕርሱ ቀንሶ በዝቅተኛ ዋጋ የገዛው ድኃ ነው። በጉምሩክ በር ላይ ሊቆም ይገባው የነበረው ዕቃ በድኃው ኪስ ውስጥ ቆመ።

አሁን ወደ ብሩ ነገር እንመለስ። በአፍሪካ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱ ሕግና የራሱ ማኅተም አለው። ደቡብ አፍሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ሕጓ፤ በ35ኛው አንቀጽ፤ ያልጸደቀ የመገናኛ መሣሪያ ማንም እንዳይሸጥና እንዳይጠቀምበት ትከለክላለች። ናይጄሪያ በ2003 ዓ.ም. ሕጓ ይህንኑ ለኮሙኒኬሽን ኮሚሽኗ ሰጥታለች፤ የደረጃዎች ድርጅቷ ደግሞ ለብቻው ሌላ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በኬንያም የሞገዱን ጉዳይ አንዱ መሥሪያ ቤት፤ የዕቃውን ጥራት ሌላው ያያል። በብዙዎቹም አገሮች አመልካቹ በዚያ አገር የተመዘገበ ወኪል እንዲኖረው ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተገጣጠመ አንድ የእጅ ስልክ ናይሮቢ ወይም ሌጎስ ሊሸጥ ቢፈለግ፤ አንድ ስልክ ሆኖ ሳለ እንደ ገና ማመልከቻ፤ እንደ ገና ወኪል፤ እንደ ገና ክፍያ ይጠየቅበታል። ትልቁ የውጭ ፋብሪካ ይህን ሁሉ ሊችል ይችላል፤ ሥራውን ገና የጀመረ አፍሪካዊ ግን በመጀመሪያው ድንበር ላይ ይቀራል።

የሚያስገርመው፤ ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚበዙት ከአውሮፓ መመርመሪያ ቤት የመጣውን የምርመራ ጽሑፍ ይቀበላሉ፤ ጎረቤታቸው ያጸደቀውን ግን እንደ ገና ይመረምራሉ። ሮማ የተመታውን ብር ተቀብሎ፤ ከጎረቤቱ እጅ የመጣውን ያንኑ ብር የሚመልስ ገበያተኛ ማን አይቷል?

መንገዱ ከነጭራሹ አልተጀመረም አንልም። የአፍሪካ የደረጃዎች ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም.፤ የኤሌክትሪኩን ደረጃ የሚያስማማው ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. ተቋቁመዋል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ የተፈረመው የአህጉራዊ ነጻ ንግድ ስምምነትም ስለ ንግድ ቴክኒካዊ መሰናክል ለብቻው የተጻፈ ክፍል አለው። የስምምነቱ ቃል ግን ከሥራ ላይ የሚውለው ሁለት ባለሥልጣኖች ተገናኝተው አንዱ የሌላውን የምርመራ ጽሑፍ ሲቀበል ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ሞያሌ ላይ የሚዋሰኑ ስለ ሆኑ፤ በሁለቱም አገር የሚሠራበት ሞገድና ቮልት ከሞላ ጐደል አንድ ስለ ሆነ፤ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አይታየንም።

እስከዚያው ግን በቤታችን ልንሠራው የሚቻል አለ። የጸደቁት መሣሪያዎች ስምና ዓይነት ዝርዝር፤ ማንም ገዢ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት በስልኩ ሊያየው በሚችል አኳኋን፤ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ይውጣ። ከሱቅ እየተነሣ የተመረመረው ዕቃ ውጤት፤ የወደቀውም ሆነ ያለፈው፤ በየወሩ በጋዜጣ ይታተም፤ ይህ ጋዜጣም ለዚሁ ቦታ ይሰጣል። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም፤ በካርቶኑ ላይ ዴክት 6.0 ወይም 1.9 ጊጋኸርትዝ የሚል የተጻፈበትን የቤት ስልክ ገዝተው እንዳይልኩ ለዘመዶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።