ሙት ወቃሽና ሙት አወዳሽ፤ ስለ ኦቲስ ሬዲንግ ዝና

በአገራችን ልማድ ሙት ወቃሽ መሆን እንደ ነውር ይቈጠራል። ሰውየውን በሕይወቱ ሳለ ሲነቅፈው የኖረ ሁሉ ከቀብር በኋላ አፉን ይዘጋል፤ በለቅሶ ቤትም ስለ ሟቹ የሚነገረው መልካም መልካሙ ብቻ ነው። ልማዱ ለሐዘንተኛው ቤተ ሰብ ከማዘን የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ይህ የለቅሶ ቤት ጨዋነት ወደ ኪነ ጥበብ ፍርድ ሲገባ ሁለት ዐይነት ጥፋት ያስከትላል። አንደኛው፣ ሥራው ትንሽ የሆነ ሰው ስለ ሞተ ብቻ ትልቅ መባሉ ነው። ሁለተኛውን ጥፋት ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ይኸውም ሥራው በእርግጥ ትልቅ የሆነ ሰው፣ «ቢሞት ነው እንጂ ምን ነበረና» እየተባለ በገዛ ሞቱ መታማቱ ነው።

ይህ ሁለተኛው በደል ከደረሰባቸው ሰዎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1941 በጆርጂያ ግዛት ዶውሰን በምትባል ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው ግዛት ውስጥ ሜከን በምትባለው ከተማ አደገ፤ ዲሴምበር 10 ቀን 1967 በ26 ዓመቱ በአየሮፕላን አደጋ ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እሱ የዘፈነው ሶል የሚባለው የዘፈን ዐይነት ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ዘመናዊ ዘፋኞች፣ በተለይም ዓለማየሁ እሸቴ፣ ከዚያ ወገን የመጣውን የአዘፋፈን ስልት ከአገራችን ዜማ ጋር እያዋሐዱ አሰምተዋል። ስለዚህ በሶል ዘፋኞች ማነስና መብለጥ ላይ የሚነሣው ክርክር በኛም ዘንድ ባለቤት አለው።

የነቃፊዎቹን አስተያየት ሳላጣምም ላቅርብ። አንደኛ፣ ስሙን የሠራለት ሞቱ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ለብቻው ከዘፈናቸው ዘፈኖች አንዱ እንኳ በአሜሪካ ጠቅላላ የዘፈኖች ዝርዝር ላይ ከ21ኛ በላይ አልወጣም፤ አንደኛ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ከታወቁት ዘፈኖቹ ከፊሎቹ የሌላ ሰው ድርሰት ናቸው፤ የራሱ የሆነውንም ሌላ ሰው አሻሽሎ ዘፍኖታል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ድምፁ ሻካራና ጠባብ ስለ ሆነ ዘፈኑ ጩኸት እንጂ ጥበብ አይደለም ይላሉ። እነዚህ ክሶች ተራ አሉባልታ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የቆሙበት ጥቂት እውነት አለ። መልሳቸውም በማስረጃ መሰጠት ይገባዋል፤ ካልተገላበጠ ያራልና።

ከመጀመሪያው ክስ እንነሣ። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ጉዳይ ሲያከራክር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የደብዳቤዎቹ ቀን ነው። እንግዲህ የኦቲስ ሬዲንግን ጉዳይ በቀኑ ቅደም ተከተል እንመልከተው። በ1965 በጠቅላላው ዝርዝር ላይ 21ኛ የሆነው ዘፈኑ፣ በዚያው ዓመት በጥቁሮች ሙዚቃ ዝርዝር ላይ 2ኛ ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ አንድ ዘፈን እዚህ 2ኛ እዚያ 21ኛ ሲሆን፣ የተለያየው የዘፈኑ ዋጋ ሳይሆን የራዲዮ ጣቢያውና የአድማጩ ወገን ነው። በ1967 የጸደይ ወራት ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በለንደንና በፓሪስ ዘፈነ። በጁን 1967 በካሊፎርኒያ ሞንትሬይ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል ላይ፣ አብዛኞቹ ነጮች በሆኑ ወጣቶች ፊት ቀርቦ ሕዝቡን አስነሣ። በዚያው ዓመት «ሜሎዲ ሜከር» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ አንባቢዎች፣ ኤልቪስ ፕሬስሊ ለብዙ ዓመታት ይዞት የነበረውን የወንድ ዘፋኞች አንደኛነት ለኦቲስ ሬዲንግ ሰጡት። ይህ ሁሉ የተደረገው ከዲሴምበር 1967 በፊት ነው። ገና ያልሞተ ሰው በሞቱ ሊከበር እንደማይችል ደግሞ ክርክር አያስፈልገውም።

በቀን ማስረጃ የማይረካ ሰው ቢኖር ሌላ ልጨምርለት። በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ አጠገብ ካለው ከሞኖና ሐይቅ በወደቀው አየሮፕላን ላይ የነበሩት ሰዎች ስምንት ናቸው፤ ከነዚያም የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ከኦቲስ ሬዲንግ ጋር ከሞቱት መካከል አራቱ ባር ኬይስ የሚባለው የሙዚቃ ጓድ አባሎች፣ ዕድሜያቸው ሃያ ያልሞላ ወጣቶች ነበሩ፤ እነሱም በዚያው በ1967 የታወቀ ሸክላ አውጥተው ነበር። አንባቢ ሆይ፣ የነዚያን የአራት ወጣቶች ስም በቃልህ ታውቃለህን? ዝናን የሚሠራው ሞት ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ ላይ ለሁሉም እኩል ባከፋፈለ ነበር። ሞታቸው አንድ ሲሆን ዝናቸው የተለያየው ትተውት የሄዱት ሥራ ስለ ተለያየ ነው።

ከሞተ በኋላ አንደኛ የሆነው ዘፈን «ዘ ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ» የተባለው ነው፤ በ1968 ለአራት ሳምንት የመጀመሪያውን ስፍራ ይዟል። ሐዘኑ ገዢውን እንዳበዛው አልክድም። ነገር ግን ይህን ዘፈን ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ በጀልባ ቤት ተቀምጦ የጀመረው፣ ከጊታር መቺው ከስቲቭ ክሮፐር ጋር ሆኖ የጨረሰው፣ አደጋው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ድምፁን በስቱዲዮ ያስቀረጸው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ሞት ገዢን ሊያበዛ ይችላል፤ ዜማ ግን አይደርስም። ደግሞስ የሐዘን ግዢ ስንት ዓመት ይቈያል? ያን ጊዜ ያለቀሱት አርጅተው፣ ሞቱን ጨርሶ የማያውቁ የልጅ ልጆች ዛሬ ዘፈኑን ይሰሙታል። ስለ እነሱ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው ክስ ስለ ዘፈኖቹ ባለቤትነት ነው። «ሪስፔክት» ማለትም «አክብሮት» የተባለውን ዘፈን ኦቲስ ሬዲንግ ደርሶ በ1965 ዘፈነው፤ በ1967 አሬታ ፍራንክሊን እንደገና ዘፍና አንደኛ አደረገችው። እውነቱን ለመናገር የአሬታ ፍራንክሊን ይበልጣል። እሱ ከሥራ ሲመለስ በቤቱ መከበር የሚፈልግ ባል ሆኖ የተናገረውን፣ እሷ ወደ ሴቲቱ አፍ አዙራ የሚሊዮኖች ጥያቄ አደረገችው። እሱ ራሱ በሞንትሬይ መድረክ ላይ፣ ዘፈኑን አንዲት ልጅ እንደ ወሰደችበት በቀልድ ተናግሯል። ዳሩ ግን በደካማ መሠረት ላይ እንዲህ ያለ ፎቅ አይሠራም። የደረሰውን ዘፈን ሌላ ታላቅ ሰው አንሥቶ ሲያሰፋው የደራሲው ክብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ነቃፊዎቹ ይህን ካልተቀበሉ ግን ሚዛናቸው አንድ ይሁን። የእሱን ዘፈን ሌላ ሰው አሻሽሎ ሲዘፍን ከኦቲስ ሬዲንግ ሒሳብ የሚቀነስ ከሆነ፣ እሱ የሌሎችን ዘፈን አሻሽሎ ሲዘፍን በሒሳቡ ላይ ሊጨመርለት ይገባል። «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» የተባለው፣ ለሴት ልጅ ርኅራኄ ማሳየትን የሚመክረው ዘፈን፣ ከ1932 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ቢንግ ክሮዝቢን የመሳሰሉ ታላላቅ ዘፋኞች በለሰለሰ ድምፅና በዝግታ ዘፍነውታል። ኦቲስ ሬዲንግ በ1966 እንዴት እንደ ዘፈነው እንመልከት። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አጭር መግቢያ ካሰሙ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድን ሰው ብቻ እንደሚያጫውት ሆኖ ይጀምራል። ጥቂት ቈይቶ ድራም መቺው አል ጃክሰን የድራሙን ጠርዝ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቋ ቋ እያደረገ ይመታል፤ ዘፋኙ ግን አይቸኵልም። ከዚያም የቀሩት መሣሪያዎች እያየሉ ይከተላሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ያለፈውን ይዞ አንድ እርምጃ ይወጣል። በመጨረሻ ቃላቱ የዘፋኙን ስሜት መሸከም ሲያቅታቸው፣ ቃላቱን ይሰባብርና ስባሪያቸውን ከድራሙ ምት ጋር እያጋጨ ይወረውራቸዋል። መጨረሻውን ብቻ የሰማ ሰው ጩኸት ሊለው ይችላል። ከሦስት ደቂቃ ያህል በፊት ከሹክሹክታ መነሣቱን ያስተዋለ ሰው ግን፣ ምን ያህል ትዕግሥትና ስሌት እንደ ተደረገበት ይረዳል። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው የእሱ አዘፋፈን ነው።

በዚህም ሦስተኛው ክስ በከፊል ተመልሷል። ቀሪውን ልመልስ። የኦቲስ ሬዲንግ ድምፅ እንደ ሳም ኩክ ድምፅ ሐር አይደለም፤ ስፋቱም ከአሬታ ፍራንክሊን አይደርስም። ነገር ግን የዘፋኝ ችሎታ የሚመዘነው በጕሮሮው ስፋት ብቻ አይደለም፤ ባለው ጕሮሮ ምን እንደ ሠራበት መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ ላይ የሜከኑን ልጅ የሊትል ሪቻርድን አጯጯኽ ሲከተል ይሰማል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ማንም የማይሳሳትበት የራሱ ድምፅ ወጣለት። በብዙዎቹ ዘፈኖቹ ተቀባይ ዘፋኞችን ትቶ፣ የመቀበሉን ሥራ ለጥሩምባውና ለሳክስፎኑ ሰጠ፤ ለነፊዎቹም ምን መንፋት እንዳለባቸው በአፉ እያዜመ ያሳያቸው ነበር። በ1966 ካወጣቸው ዘፈኖች አንዱማ ይህንኑ የትንፋሽ ዜማ በአፍ እያሰማ የሚሄድ ነው። የቅንብር ጥበብ ማለት ሌላ ምንድን ነው? በ1967 መጸው ጕሮሮውን ታክሞ ከዳነ በኋላ የዘፈነው «ዘ ዶክ ኦቭ ዘ ቤይ» ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት የሌለበት፣ በፉጨት የሚያልቅ ዘፈን ነው። ከመጮህ በቀር የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ዘፈን ከየት አመጣው?

እስከዚህ ድረስ የመለስኩት ለሙት ወቃሾቹ ነው። ነገር ግን ኦቲስ ሬዲንግን ይበልጥ የጎዱት ሙት አወዳሾቹ ይመስሉኛል። እነዚህኞቹ፣ «እሱ ልቡ ነው የዘፈነው፤ ሳይማር በተፈጥሮ የተሰጠው ነው» እያሉ ያመሰግኑታል። ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክል ምስጋና ነው። አባቱ ስለ ታመመ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ጕድጓድ እስከ መቆፈር ድረስ ሠርቷል። በ1962 ሜምፊስ ከተማ ወደሚገኘው ስታክስ የሸክላ ኩባንያ ሲመጣ፣ ለሌላ ሙዚቀኛ መኪና እየነዳ ነበር፤ የዚያ ሙዚቀኛ ሥራ ሳይቃና ሲቀር በተረፈችው ጊዜ ለምኖ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ ስድስት ትልልቅ ሸክላዎች በስቱዲዮ አስቀረጸ፤ የራሱን የዘፈን ማሳተሚያና የሸክላ ድርጅት አቋቋመ፤ አርተር ኮንሊ የተባለውን ወጣት ዘፋኝ አሠልጥኖ፣ አብሮት በደረሰው ዘፈን በ1967 በጠቅላላው ዝርዝር ላይ 2ኛ አደረሰው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ማለፍ ሌሊት የሠራበትን ሰዓት ከመዝገብ መፋቅ ነው። ጥቁር ሰው በድካሙ ያመጣውን ጥበብ «በደሙ ያለ ነው» ማለት ደግሞ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፣ እኛ ልናጸናው አይገባንም።

አወዳሾቹ እንደ ተአምር የሚተርኩት «ኦቲስ ብሉ» የተባለው የ1965 ሸክላ ከአሥራ አንዱ ዘፈኖች አብዛኞቹ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ መቀረጻቸውን ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ሙዚቀኞቹ በየዕለቱ አብረው ሲሠሩ የኖሩ፣ በዐይን ጥቅሻ የሚግባቡ ሰዎች ነበሩ። ዋናው የስታክስ ጓድ አራት ሰዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ጥቁሮች ሁለቱ ነጮች ነበሩ፤ ይህም ሜምፊስ ጥቁርንና ነጭን በምትለያይበት ዘመን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የዝናው ድርሻ ለነሱም ሊከፈል ይገባል። ይሁን እንጂ ይኸው ጓድ ለብዙ ዘፋኞች ተጫውቷል፤ ሁሉም ግን ኦቲስ ሬዲንግን አልሆኑም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይቅር። አወዳሾቹ «ቢኖር ኖሮ ከሁሉ በበለጠ ነበር» ይላሉ፤ ወቃሾቹም «ቢኖር ኖሮ በተረሳ ነበር» ይላሉ። ያልተዘፈነ ዘፈን ግን ለከሳሽም ለተከሳሽም ምስክር ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ኦቲስ ሬዲንግ ከሶል ዘፋኞች ሁሉ አንደኛ ነው አልልም፤ ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ መቀመጡ ግን በሥራው የተገባው ነው፤ ወንበሩንም ያገኘው በእግሩ ሄዶ ነው። ነገሩ ለአንድ ሟች ዘፋኝ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሞት ዝናን ይሠራል ብለን ካመንን፣ በመካከላችን ያሉትን ባለሙያዎች በሕይወታቸው ሳሉ መመዘንና ማክበር አያስፈልገንም ማለት ነው፤ ቀብራቸውን እየጠበቅን ዝም እንላለን። ሥራን በሥራነቱ የሚመዝን ሕዝብ ግን ለሕያዋኑም ለሙታኑም ዕዳውን በጊዜው ይከፍላል። ይህን ክርክር ሊቀጥል የሚወድ ሰው ቢኖር በደስታ እቀበለዋለሁ፤ ብቻ ሬሳውን ትቶ ሸክላውን ይዞ ይምጣ።