ከአንገት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍቅር

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ «ተፈጥሮን አልወድም» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «ለዚህ ፍቅር ዋጋውን ማን ይክፈል?» ሲባል ግን ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል። እኔ ይህን የተረዳሁት ከፈረንሳዮች ታሪክ ነው። የተረዳሁትም ዘግይቼ ስለ ሆነ፥ አንተ በጊዜ እንድታውቀው ብዬ እጽፍልሃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በተማሪነቴ ጊዜ ስለ ፎንቴንብሎ ደን አንብቤ እጅግ ተደነቅሁ። ይህ ደን ከፓሪስ በስተደቡብ የሚገኝ ነው። በአጠገቡ ባለችው በባርቢዞን መንደር የተሰበሰቡ ሠዓሊዎች፥ ቴዎዶር ሩሶ የተባለውን ባልንጀራቸውን አስቀድመው፥ ያረጁት የባሉጥ ዛፎች እንዳይቆረጡ ለንጉሠ ነገሥቱ ለ3ኛው ናፖሌዎን አቤት አሉ። በ1861 በወጣ ድንጋጌም ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነ ደን ስለ ውበቱ ተጠብቆ እንዲኖር ተወሰነ። ይህ የሆነው አሜሪካኖች የሎውስቶንን ከመከለላቸው 11 ዓመት አስቀድሞ ነው። እኔም «ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው» እያልሁ ለጓደኞቼ ስሰብክ ኖርሁ።

በኋላ ግን ስለ አርየዥ ገበሬዎች አነበብሁ። አርየዥ በፒሬኔ ተራሮች ሥር ያለ ድኻ አገር ነበረ። በ1827 የወጣው የደን ሕግ፥ ገበሬው እንደ አባቶቹ ልማድ በጎቹን በጫካ እንዳያሰማራ፥ የሚያነደውንም እንጨት እንዳይለቅም አጥብቆ ያዘው። ጥፋተኛ የተባለው መቀጫ ይከፍል ነበር። ለብረት ማቅለጫ ከሰል የሚያከስሉት ሰዎች ግን ጫካውን መቁረጣቸውን አልተዉም። በዚህ የተቈጡት ገበሬዎች ከ1829 እስከ 1832 ድረስ ፊታቸውን አጥቁረው፥ እንደ ሴት ረጅም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፥ የደን ጠባቂዎችንና ከሰል አክሳዮችን ያባርሩ ጀመር። ስለዚህ ታሪክ ነገሩን «የወይዛዝርት ጦርነት» ይለዋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ደን ጠል ነበሩን? አልነበሩም፤ ከደኑ ጋራ ከአባት ከአያት ጀምሮ አብረው የኖሩ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ዛፉን ለዓይኑ የለመነው ሠዓሊ ተሰማ፤ ጭራሮውን ለምድጃው የለመነው ገበሬ ተቀጣ።

«ይህ እኮ ያለፈ ነገር ነው» ትለኝ ይሆናል። እንግዲያስ የቅርቡን ስማ። ፈረንሳዮች በ1971 ለተፈጥሮና ለአካባቢ ጥበቃ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቋሙ፤ ዓለምም አደነቃቸው። በማግሥቱ በ1972፥ ይኸው መንግሥት ክሎርዴኮን የሚባል መርዝ በማርቲኒክና በጓድሉፕ ደሴቶች በሙዝ እርሻ ላይ እንዲነሰነስ ፈቀደ፤ የሙዝን ግንድ የሚቦረቡር ነቀዝ ይገድል ነበርና። በ1990 መርዙ በፈረንሳይ ምድር ተከለከለ። ለእነዚያ ደሴቶች የሙዝ ነጋዴዎች ግን እስከ 1993 ድረስ ጊዜው ተራዘመላቸው። ዛሬ በሁለቱ ደሴቶች ከሚኖሩት 100 አዋቂዎች ከ90 በሚበልጡት ደም ውስጥ ይህ መርዝ ይገኛል፤ አፈሩም ገና ለብዙ ትውልድ አይጠራም። በመካከሉ በ2005 ሰው ሁሉ ጤናውን በማይጎዳ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው የሚናገር ቻርተር ከሕገ መንግሥታቸው ጋራ ተቀላቀለ። ቃሉ ያማረ ነው። የማርቲኒክ ገበሬ ግን ቃሉን ዘርቶ ይብላውን? በ2023 ዳኞች በዚህ ነገር ማንንም ለፍርድ ሳያቀርቡ መዝገቡን ዘጉት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

በ2018 ደግሞ መንግሥቱ የአየሩን ሙቀት ለመቀነስ ብሎ በመኪና ነዳጅ ላይ ቀረጥ ሊጨምር ተነሣ። ባቡር በማይደርስበት ገጠር የሚኖረው ሠራተኛ ያለ መኪና ወደ ሥራው መድረስ አይችልም፤ ስለዚህ ቀረጡ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነበር። ሀብታሙ ወደ ባሕር ማዶ ለመዝናናት የሚበርበት የአውሮፕላን ነዳጅ ግን ቀረጥ አልነበረበትም። ሕዝቡ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ መንገድ ሲዘጋ፥ ብዙ ሊቃውንት «ይህ መሃይም ስለ ምድር አያስብም» ብለው ናቁት። እርሱ ግን ሒሳቡን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

«ታዲያ ደኑ ይጨፍጨፍ፥ ጭሱም ይብዛ ትላለህን?» ብሎ የሚቈጣኝ አይጠፋም። እንደዚያስ አልልም! ደን መጠበቁ መልካም ነው፤ የፎንቴንብሎም ባሉጦች በመትረፋቸው ደስ ይለኛል። እኔ የምጠላው ምስጋናውን አንዱ ወስዶ ዕዳውን ለሌላው የሚያስተላልፍበትን ፍቅር ነው። እውነተኛውን ለማየት ከዚያው ከፈረንሳይ አንወጣም። በ1971 መንግሥት በላርዛክ አምባ ላይ የነበረውን የጦር ሰፈር ከ3,000 ወደ 17,000 ሄክታር ሊያሰፋ አሰበ። በጎች የሚያረቡ 103 ገበሬዎች ግን መሬታችንን አንሸጥም ብለው ተማማሉ። በጎቻቸውን ፓሪስ ድረስ ወስደው በኤፌል ግንብ ሥር አሰማሩ፤ ከመካከላቸው የታሰሩም ነበሩ። ዐሥር ዓመት ከታገሡ በኋላ በ1981 አሳቡ ተሰረዘ። እነዚህ ሰዎች ምድሪቱን የወደዱት በሌላ ሰው ኪሣራ አልነበረም፤ ዋጋውን ከገዛ ኑሯቸው ከፈሉ።

እንግዲህ ወዳጄ፥ ስለ ተፈጥሮ የሚያምር ንግግር ስትሰማ ከማጨብጨብህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፤ «ተናጋሪው ራሱ ምን ይጎድልበታል?» በል። መልሱ «ምንም» ከሆነ፥ ፍቅሩ ከአንገት በላይ ነው። ይህንንም ጥያቄ ከሌላው አስቀድመህ ለራስህ አቅርበው። እኔ ስለ ፎንቴንብሎ ለጓደኞቼ ስሰብክ በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፥ ስለ አንድ ዛፍ እንኳ አንዲት ሳንቲም አልከፈልሁም ነበር።