የውጭ ቋንቋ ለሚሄደው ብቻ አይደለም

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ወላጅ ልጁ የውጭ ቋንቋ እንዲያውቅለት ሲመኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ መሄድ ነው። እንግሊዝኛ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ የሚያደርስ ስንቅ ነው፤ ዓረብኛ ደግሞ ወደ ሳዑዲና ወደ ቤይሩት። ኑሮ የገፋው ሰው መውጫ ቢፈልግ ማን ይወቅሰዋል? ነገር ግን አሳቡ ግማሽ ነው። የውጭ ቋንቋ ከሚሄደው ይልቅ ለሚቀረው፣ ማለትም ለቡና ገበሬው፣ ለጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ለወረዳው ባለሙያና ለመምህሩ፣ የበለጠ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። የሚሄደውንማ የሄደበት አገር ያስተምረዋል። የሚቀረው ግን ዓለም ስለ እሱ የሚወስነውን የሚሰማውና የሚመልሰው፣ አገሩ ላይ ሆኖ ቋንቋ የተማረ ሰው በአጠገቡ ሲኖር ብቻ ነው።

የወለጋ የራሱ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ የትውልድ ስማቸው ሂካ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዘው፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጠው ምጽዋ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥተው በአቅራቢያው በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም ስዊድን ተሻግረው አምስት ዓመት ተማሩ። ያን ሁሉ ዕውቀት ይዘው ወደ ወገናቸው ለመመለስ ሲሞክሩ መንገዱ ተዘጋባቸው። ስለዚህ ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ላይ ሆነው መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር አለ። ኦኔሲሞስ የውጭውን ቋንቋ ጠንቅቀው ቢያውቁም፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አገር በልጅነት ስለተነጠሉ ቃሉ ሳስቶባቸው ነበር። ሥራውን ያሟሉላቸው እ.ኤ.አ. በ1886 ከባርነት ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር የሕዝቡን ቋንቋ በደንብ ያውቁ ስለነበር ለትርጉሙ የሚሆን የቃላት ስብስብ አዘጋጁ፤ በቃላቸው የያዟቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም በጽሑፍ አኖሩ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በ1894፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ሁለቱም ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። ስዊድንኛ የተማረ ሰው ብቻውን፣ ወይም ኦሮምኛ የጠለቀ ሰው ብቻውን፣ ያንን ሥራ ሊሠራው አይችልም ነበር። የኦሮምኛ የጽሑፍ ቋንቋ መሠረት የተጣለው ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነው።

ቋንቋ ከውጭ ለመቀበያ ብቻ እንደማያገለግል የሚያሳየን ደግሞ የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ሠርተዋል፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ነገረ መለኮት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመለሱ በኋላ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ለጋሾች ለልማቱ ገንዘብ እየሰጡ ለስብከቱ መንፈጋቸው የሰውን ሥጋና ነፍስ ለሁለት የሚከፍል ነው፤ ሰው ግን አንድ ነው። ይህ ሙግት በአውሮፓ የሥነ መለኮት መድረኮች ለዓመታት አነጋግሯል። ገንዘብ ተቀባዩ ወገን ለሰጪው በሰጪው ቋንቋ፣ ያውም በሰጪው የአስተሳሰብ ሥርዓት ገብቶ “ተሳስታችኋል” ማለት መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ማድረግ የቻሉት አገራቸው ገብተው የሠሩት ጉዲና ናቸው፤ በ1979 በደርግ እጅ እስከተገደሉበት ጊዜ ድረስም አገራቸውን ጥለው አልተሰደዱም።

ዛሬ ይህ አቅም ይበልጥ የሚያስፈልገው በቡናው ነው። የምዕራቡ ቡና በዓለም ገበያ “ለቀምቲ” እየተባለ በነቀምቴ ስም ይሸጣል። ከደንበኞቻችን መካከል ጀርመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ከፊት ይሰለፋሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ሕግ ደግሞ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶች ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ያልተመረቱ መሆናቸው እንዲረጋገጥ፣ የማሳውም መገኛ በመጋጠሚያ ነጥብ እንዲታወቅ ያዛል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ተራዝሟል። ሕጉ የሚነበበው በኅብረቱ 24 ቋንቋዎች ነው፤ ኦሮምኛም አማርኛም ከእነዚያ ውስጥ የሉም። እንግዲህ በጊምቢ ወይም በቄለም ያለ የገበሬዎች ማኅበር የዛፍ ጥላ ሥር የሚያበቅለው ቡና ለምን ጥያቄ እንደሚነሣበት፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቅመውና የትኛው እንደሚጎዳው ከሦስተኛ ሰው አፍ ብቻ ከሰማ፣ የሚደራደረው ያ ሦስተኛ ሰው በፈቀደለት መጠን ነው። አገሪቱ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉትን የቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 የተስማማችው፣ የሕጉን ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች ስለነበሯት ነው። ለቀምቲ ከሦስቱ አልነበረም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የታሪክ ቁስል ነው። ኦሮምኛ ለረጅም ዘመን ከትምህርት ቤትም ከማተሚያ ቤትም ተገፍቶ የኖረ ቋንቋ ነው፤ ለወለጋ ልጅ የሌላ ቋንቋ መማር ማለት የራስን ውጭ ትቶ መግባት ማለት የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የኦሮምኛ ፊደል እንዲሆን ከተወሰነና ኦሮምኛ የመማሪያ ቋንቋ ከሆነ ወዲህ ያደገው ትውልድ ይህን ድል ሌላ ቋንቋ እንዳይበላበት ቢፈራ ፍርሃቱ ትክክለኛ ነው። ሆኖም መልሱ የሚገኘው እዚያው ፍርሃቱ ውስጥ ነው። ያ ግፍ ሌላ ቋንቋ ማስተማሩ አልነበረም፤ የልጁን ቋንቋ መከልከሉ እንጂ። የኦኔሲሞስና የአስቴር ሥራ የሚያሳየንም አንዱ ሌላውን ሳይተካ ሊያበለጽገው እንደሚችል ነው። በካትሊን ሂው የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ለትምህርት ሚኒስቴር ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናትም ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አግኝቷል። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃውን ኦሮምኛ ሸርሽሮ እንግሊዝኛ ለመጨመር የሚደረግ ሩጫ፣ በተለይ በከተሞቻችን የግል ትምህርት ቤቶች፣ ሁለቱንም የሚያሳጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፈተናው ይነሣል። ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። እንግሊዝኛው ነው ልጆቻችንን የጣለው፣ ይቅርብን የሚሉ አሉ። የመጽሐፍ፣ የመምህርና የሰላም እጦትም ስላለበት ጥፋቱን ሁሉ ቋንቋው ላይ መጫን አይቻልም፤ ድርሻ እንዳለው ግን አልክድም። የኦሮሚያ ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ወስዷል ይባላል፤ ነገር ግን የወሰደው ቋንቋውን ከማይናገር መምህር ከሆነ የወሰደው ሰዋስው እንጂ ቋንቋ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃው የተተከለው የፕላዝማ ትምህርት ይህን ክፍተት በስክሪን ሊሞላ ሞክሮ ነበር። ተማሪው ሳይገባው ስክሪኑ ያልፍ ነበር፤ መምህሩም የሚያስቆምበት ሥልጣን አልነበረውም። ከዚያ መማር ያለብን እንግሊዝኛን መተው ሳይሆን መምህሩን ማስቀደም ነው። በበኩሌ አንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በኦሮምኛ ቢቀጥሉ፣ እንግሊዝኛው ግን እንደ ቋንቋ ጠንክሮ በሠለጠነ ሰው ቢሰጥ እመርጣለሁ።

“ስልኩ ይተረጉምልን የለም ወይ?” የሚሉም አሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን፣ በ2022 ደግሞ ኦሮምኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ አስገብቷል፤ ለገበያና ለመንገድ ጥያቄ ይጠቅማል። ነገር ግን መሣሪያው የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በኦሮምኛ የተጻፈ የሕግ፣ የሕክምናና የግብርና ጽሑፍ ደግሞ ጥቂት ነው። ያንን የሚጽፈው ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው፤ መሣሪያው ሲሳሳት የሚያርመውም እሱ ነው። የመድኃኒት መጠን ወይም የውል አንቀጽ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ስልኩ አይደለም።

ጸጥታ በደፈረሰበት፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት አካባቢ ስለ ቋንቋ ማውራት ቅንጦት ይመስላል የሚለውን ግን በቀላሉ አላልፈውም። በእርግጥ ሰላምና የተከፈተ ክፍል ይቀድማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የአካባቢውን ችግር ለዓለም የመንገሩ ሥራ ከቦታው ርቀው በሚኖሩ ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። መስመሩ ሲከፈት በራሱ አንደበት የሚናገር፣ የረድኤት ድርጅቱን ሪፖርት አንብቦ “ይህ ልክ አይደለም” የሚል ሰው በየወረዳው መኖር አለበት። መነሻው በእጃችን ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የቋንቋ ተመራቂዎችን ያወጣል። የኦሮምኛና የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ የቡና ሕግ፣ አንድ የእናቶች ጤና መመሪያ ወይም አንድ የመድኃኒት ማብራሪያ ወደ ኦሮምኛ መልሰው፣ በጊምቢ ወይም በሻምቡ ካለ ማኅበርና ጤና ጣቢያ ጋር አንብበው እንዲያርሙ ቢደረግ፣ ወጪው የወረቀትና የመንገድ ብቻ ነው። የዓረብኛና የጀርመንኛ ትምህርትም በዚያው መንገድ ከቡናችን ገዢዎች ተነሥቶ ሊከፈት ይችላል።