የገብስ አገር፣ የማካሮኒ ማዕድ

በባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እንጀራ ፍለጋ ሲንከራተት ባዩ ጊዜ የሚሥቁ ሰዎች አሉ። «ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ ዛሬም ሽሮ ይመኛል፤ ሆዳምነቱ አልለቀቀውም» ይላሉ። ይህ አነጋገር የሥልጣኔ ይመስላል እንጂ ሲመረመር መሠረት የለውም።

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቋንቋውንና የለመደውን ጣዕም ይዞ ይወጣል። ኢጣልያዊው በአገራችን ማካሮኒውን ሲቀቅል፣ ግሪኩና አርመኑም በአዲስ አበባ የየራሳቸውን ማዕድ ሲዘረጉ ሆዳም ያላቸው አልነበረም፤ እንዲያውም እኛው ተከትለን ለመድነው። ታዲያ ለሌላው ክብር የሆነው ነገር ለእኛ ሰው ኋላ ቀርነት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

የናፍቆቱንም ፍሬ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ የተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙውን አሜሪካዊ በእጁ መጉረስ አስተምረውታል። ጤፍም በአሜሪካ በአይዳሆ መዘራት ጀመረ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ከአገራችን እንዳይወጣ በተከለከለ ጊዜ ስደተኛው ፈጽሞ ያለ እንጀራ አልቀረም። ጤፍ ባነሰበትም ቦታ የገብስ ዱቄት እየደባለቀ ጋግሯል። ሆዳም የተባለው ሰው እንግዲህ ያለ ደመወዝ የአገሩ እንደራሴ ሆኖ ሠርቷል ማለት ነው።

ነቀፋ የሚገባውስ ማን ነው? መልሱን የሚሻ ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ስሜን ተራሮች ይውጣ። በአምባራስ ውርጩ ለጤፍ አይመችም፤ የሰዉ እንጀራ፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ገንፎውና ጠላው ከገብስ ነው። ገብስ የእህል ንጉሥ መባሉም በከንቱ አይደለም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ በዚሁ የገብስ ማሳ አጠገብ ያልፋል። በሰፈረበት ድንኳን ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት በበቅሎ ተጭኖ የወጣ ማካሮኒና የታሸገ ሾርባ ነው። በቅሎ ነጂው ከድንኳኑ ውጭ በሶውን ሲበጠብጥ፣ እንግዳው መቅመሱ ይቅርና ስሙን እንኳ ሳይሰማ ወደ አገሩ ይመለሳል።

«እንግዳ የለመደውን ይሻል» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ ለእኛ ስደተኛ የምንመኝለትን ለእንግዳችን አንከለክልም። ማካሮኒው ይቅረብለት፤ ነገር ግን የገብሱ እንጀራ ከጎኑ ቢቀመጥ ምን ይጎድላል? የሚደበቀው እንግዳው ስለ ናቀው ሳይሆን አስተናጋጁ አስቀድሞ ስለ ናቀው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቀጭጨው የቫይረስ በሽታ የጠበቀው የመቋቋም ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ መገኘቱን የውጭ ሊቃውንት አሳምረው ያውቃሉ፤ የባለ ገብሱ ልጅ ግን በእንግዳ ፊት የበሶን ስም ለመጥራት ያፍራል።

ይህም የጣዕም ክርክር ብቻ አይደለም። ማካሮኒ ሲገዛ ገንዘቡ ለከተማ ሱቅ ይሆናል፤ በሶና ቆሎ ቢገዛ ግን በአምባራስ ገበሬ እጅ ይገባል። ማሳህን አታስፋ፣ ከብትህን ከዋልያው ግጦሽ አርቅ እየተባለ የሚመከር ገበሬ፣ እንግዳው በደጁ አልፎ ሲሄድ አንዲት ቁና ገብስ እንኳ ካልሸጠለት ምክሩን በምን ልብ ይቀበላል?

ስለዚህ የመንግሥት ሹም በግብዣው ላይ ገብሱን በስሙ ያቅርብ፤ የሆቴል ሙያ መምህርም ከሾርባው ጋር በሶና ገንፎ በንጽሕና ማሰናዳትን ያስተምር፤ ተማሪውም ቆሎውን ሳያፍር በግልጥ ይቆርጥም። እንጀራ ፈላጊውን ስደተኛ ከማፌዝ ከእርሱ መማር ይሻላል፤ እርሱ በሰው አገር ያላፈረበትን እኛ በገዛ ደጃችን ልናፍርበት አይገባም።