«ከደባል ሱስ ነፃ የሆነ»

በዚህ ወር ስለ ፈተና ዝግጅት ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ሆኖም ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ የመስጂዱ በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ወጣት ሐሳቤን አስለወጠኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ፣ ማንነቱን ሳልገልጽ ጉዳዩን ለእናንተ እንዳቀርበው ጠየቅኩት፤ እርሱም ፈቀደልኝ።

ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሊፍ ባ የቆጠረው ከእኔ ዘንድ ነው፤ ኋላም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ሆሳዕና ውስጥ ሥራ ሲፈልግ ሁለተኛ ዓመቱን አጋምሷል። ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለዕጩ መኮንንነት ሥልጠና የወጣ የምልመላ ማስታወቂያ በእጁ ገልብጦ ኖሯል። ዕድሜውም፣ የትምህርት ደረጃውም፣ ጤንነቱም ይሟላለታል። ከአንዲት መስመር ሥር ግን ሁለት ጊዜ አስምሯል። «ከደባል ሱስ ነፃ የሆነ» ትላለች።

«ኡስታዝ፣ ይህቺ መስመር እኔን ታስወጣኛለች?» አለኝ።

ከዚያም የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ለፈተና ለማንበብ ብሎ ጫት ጀመረ። ከሳምንት አንድ ቀን የነበረው በርጫ በየቀኑ ሆነ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ተከተለ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም ጥቂት ጊዜ ሐሺሽ አጨሰ። ሌሊት ሌሊት ዱካክ እያስጨነቀው፣ ክብደቱም እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻው ዓመት ረመዷን ሲገባ ተወው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ አልነካም። በፖሊስ ተይዞም፣ ተከሶም አያውቅም። አባቱ እስከ ዛሬ አያውቁም። አጎቱ ብቻ ያውቃሉ፤ እርሳቸውም «አፍህን ዝጋ፤ ማን አየህ?» ብለውታል።

«ደግሞስ ኡስታዝ፣ አላህ (ሱ.ወ.) የሸፈነልኝን ነገር እኔ ለምን እገልጠዋለሁ?» ሲል ጨመረ። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። «ለጁምዓ ተመለስ» ብዬ ሰደድኩት።

ሠራዊት ለምን ይጠይቃል?

መጀመሪያ መስመሯ ለምን እንደተጻፈች እንመልከት። ጫት በአገራችን በሕግ የተከለከለ አይደለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ቃሚው ሁሉ ትኩስ እየፈለገ የሚንከራተተው። በምርቃናው ሰዓት ሰውየው የማይችለው ነገር ያለ አይመስለውም። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ንዴቱ ይተካል። እንዲህ ያለው ሰው አስተማሪ ቢሆን ክፍለ ጊዜ ይበላሻል፤ ነጋዴ ቢሆን ሒሳብ ይዛነፋል። መኮንን ቢሆንስ? በሌሊት ጥበቃ ያቆማቸው፣ በእርሱ ትእዛዝ የሚንቀሳቀሱ ወጣቶች ሕይወት በእጁ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጭንቀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ኒሚትዝ በተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አንድ የጦር አውሮፕላን በሌሊት ሲያርፍ ተከሰከሰና 14 ሰዎች ሞቱ። አደጋውን ያመጣው አደንዛዥ ዕፅ ነው ባይባልም፣ ከሟቾቹ በአንዳንዶቹ አስከሬን ላይ የካናቢስ ምልክት ተገኘ። አገሩ በድንጋጤ ተናወጠ። የባሕር ኃይሉም ከዚያ በኋላ የሽንት ምርመራን አጠበቀ፤ ዕፅ የተገኘበትን አባልም ላለመታገሥ ወሰነ።

ያለፈውና ያልወጣው

እንግዲህ ወደ መስመሯ እንመለስ። ደባል ማለት በሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነው። ሱስም እንደዚያው ነው፤ ሳይከፍል ይገባል፤ ውሎ አድሮ ባለቤቱን ያዝዛል። ማስታወቂያው የሚለው «ነፃ የሆነ» ነው እንጂ «ደባል ገብቶበት የማያውቅ» አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ደባሉ ዛሬ ቤት ውስጥ አለ ወይስ ወጥቷል የሚለው ነው።

መልማዮች ይህን የሚያጣሩት ባመልካቹ ቃል ብቻ አይደለም። በጤና ምርመራ የሰውነቱን ሁኔታ ያያሉ። የወንጀል ማኅደር እንዳለበት ይጣራል። ስለ ጠባዩም የሚያውቁት ሰዎችና የሚኖርበት ቀበሌ ይጠየቃሉ። በአገራችን የሠራዊት ምልመላ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ መስፈርቱም በየጊዜው የሚወጣ ስለሆነ «አምና እንዲህ ነበር» እየተባለ ከጫት ቤት በሚወራ ወሬ መተማመን አይገባም። የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከምንጩ ማንበብ፣ ግልጽ ያልሆነውንም መልማዩን መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚያደባልቁት ነገር አለ። ጫት መቃም ወንጀል አይደለም፤ ሱስ ሆኖ ከተገኘ ግን ከመስፈርቱ ያጎድላል። ሐሺሽ ግን ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይቀጣል። በዚህ የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ ከሱስ አልፎ የማኅደር ጉዳይ ይሆናል። ለእርሱም ቢሆን በሩ ለዘለዓለም አልተዘጋም፤ ያው ሕግ በአንቀጽ 232 እና ተከታዮቹ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አለው። ቅጣቱን የፈጸመ፣ በሕጉ የተወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ያሳለፈና ያለበትን ካሣ የከፈለ ሰው ፍርድ ቤት ጠይቆ መብቱን ማስመለስና ፍርዱን ከመዝገብ ማሰረዝ ይችላል። ወንድሞቼ፣ ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ልጃቸው አንድ ጊዜ የተፈረደበትን «አለቀለት» ብለው የተቀመጡ ወላጆች በዚህች ከተማም አይጠፉም።

በውጭ አገር ልጆች ያሏችሁ ቤተሰቦችም ልብ በሉ። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ካናቢስን ፈቅደዋል፤ የፌዴራሉ ሕግና ሠራዊቱ ግን አልፈቀዱም። «እኛ አገር ሕጋዊ ነው» ብሎ አጭሶ ለመኮንንነት የሚያመለክት ልጅ ምርመራው ላይ ይወድቃል። ሆኖም እነርሱም የተወውን ካልተወው ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የአየር ኃይሉ፣ በምርመራ ካናቢስ የተገኘበት አመልካች ከ90 ቀናት በኋላ እንደገና እንዲመረመር የሚፈቅድ የሙከራ አሠራር አስታውቆ ነበር። ሆን ብሎ ያለፈውን ደብቆ መመዝገብ ግን በወታደራዊ ሕጋቸው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ዝምታና ውሸት

ልጁ ያነሳው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከእኔ አቅም በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ወደ አንድ የከተማችን ሸኽ ሄድኩ። ሸኻችን ኪታባቸውን አጥፈው አዳመጡኝ።

«ልክ ነው፤ አላህ የሸፈነለትን ወንጀል በየሜዳው እየዞረ ማውራት የለበትም» አሉኝ። «ይህ መሸፈን ግን የአላህ እዝነት ነው፤ ለውሸት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ካልተጠየቀ ዝም ይበል። አማና ሊሰጠው ያለ ሰው፣ የመጠየቅ መብት ኖሮት፣ ፊርማ አስቀምጦ ከጠየቀው ግን እንዴት የሐሰት ቃል ይሰጣል? የሰው ነፍስ አደራ ሊቀበል እየሄደ አይደል እንዴ?»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ የአቡ ሚህጀንን ነገር ነግረኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን፣ እ.ኤ.አ. በ636 ገደማ በዒራቅ ምድር በቃዲሲያ ዘመቻ የሙስሊሞቹ ጦር አዛዥ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነበሩ። አቡ ሚህጀን አስ-ሰቀፊ ብርቱ ፈረሰኛ ሳለ በመጠጥ ምክንያት በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ጦርነቱ ሲፋፋም መታገሥ አቃተው። የሰዕድን ባለቤት ሰልማን «ፍቱኝ፤ በሕይወት ከተመለስኩ እግሬን ራሴ ከሰንሰለቱ አስገባለሁ» ብሎ ለመናቸው። ፈቱት፤ በልቃ የተባለችውን የሰዕድን ፈረስ ጋልቦም ወጣ። ሰዕድ ታመው ከነበሩበት ሰገነት ሆነው ሲመለከቱ ፈረሷ የእርሳቸው፣ አጋለቡ የአቡ ሚህጀን መሰላቸው፤ እርሱ ግን ታስሯል ብለው ተገረሙ። ማታ ላይ ሰውየው ተመልሶ እግሩን ከሰንሰለቱ ውስጥ አስገባ። ነገሩ ሲታወቅ ሰዕድ ፈቱት፤ እርሱም መጠጥን እስከ መጨረሻው ተወ ይባላል።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምንወደው ለጀግንነቱ ነው። እኔ ግን በዚያ ዕለት ሌላ ነገር አየሁበት። ጦሩ መጠጡን «ምንም አይደል» ብሎ አላለፈውም፤ አስሮታል። ያለፈ ጥፋቱም ለዘለዓለም አላስወጣውም። ሰዕድ እንዲያምኑት ያደረጋቸው ከጠላት ጋር መፋለሙ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያስገድደው ወደ ቃሉ መመለሱም ነበር። መኮንን የሚሆን ሰው የሚፈተነው በዚህ ነው።

ለወጣቶች፣ ለወላጆችም

ለጁምዓ ሲመለስ ለልጁ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ። ዛሬ የምትቅሙ ወይም የምታጨሱ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ሲወጣ ለሳምንት መታቀብ መተው አይደለም። ሐሺሽን አዘውትሮ ያጨሰ ሰው ሽንት ውስጥ ምልክቱ ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል የሕክምና ባለሙያዎች ይናገራሉ። መተው አሁን ይጀመራል። ብቻችሁን ካቃታችሁ ደግሞ ሕክምና ማግኘት ውርደት አይደለም። በከተማችን የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ካለፈም አዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለዚህ የሚረዱ ባለሙያዎች አሉት። ከተዋችሁ በኋላ ጊዜው ይቆጠርላችሁ፤ የበርጫ ጓደኞቻችሁን በሌላ ጓደኛ፣ የከሰዓቱን ሰዓት በሥራና በስፖርት ተኩ። ስትጠየቁ የተጠየቃችሁትን በአጭሩ፣ በእውነት መልሱ፤ መቼ እንደጀመራችሁ፣ መቼ እንደተዋችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራችሁ። እውነት ተናግራችሁ ብትቀሩ የቀረባችሁ አንድ ዙር ነው። ዋሽታችሁ ብትገቡ ግን በየዓመቱ፣ በየማዕረጉ እየፈራችሁ ትኖራላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ነገርኩት። «ለመልማይ የምትናገረውን ነገር አባትህ ከሰው አፍ መስማት የለባቸውም።»

ያን ዕለት ማታ ነገራቸው። በነጋታው አባትየው ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፤ «ያን ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ መክሳቱን አይቼ ነበር። ዓይኑንም አይቼ ነበር። ብጠይቀው ይዋሸኛል ብዬ ፈርቼ ተውኩት። እኔ ነኝ መጀመሪያ ያልጠየቅኩት።»

ምን ብዬ ልመልስላቸው? እኔስ አስተማሪው መቼ ጠየቅኩት?

እነሆ ልጁ ማስረጃዎቹን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ወደ ምልመላው ሄዷል። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ የሸኙት አባቱ ናቸው። ውጤቱ ገና አልተነገረም። ቢያልፍም ባያልፍም አንድ ነገር አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ በዚያ ቤት ደባሉም፣ ምስጢሩም ወጥተዋል።

እናንተስ ወላጆች፣ ልጃችሁን የመጨረሻ ጊዜ ዓይኑን እያያችሁ የጠየቃችሁት መቼ ነው?

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።